ጀውሃ ስንት ሰዓት ነው?

ጡረታ በወጣሁ ዕለት ካስረከብኳቸው ዕቃዎች መካከል በርክክብ ቅጹ ላይ መደብ ያልተገኘለት አንድ ነገር ነበር፤ ሁለት ጥቅል ክር፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ። የንብረት ክፍሏ ልጅ የኬብል መቆንጠጫውን፣ መሞከሪያውን፣ ላፕቶፑን እየጻፈች መጥታ ክሩ ጋ ስትደርስ እስክሪብቶዋን አነሳች።

«እትዬ አስናቀች፣ ይሄ ደግሞ ለልብስ ስፌት ነው?»

«ለኔትወርክ ነው» አልኳት።

ከት ብላ ሳቀች። «መደብ የለውም፤ ይውሰዱት» ብላ መለሰችልኝ። እኔ ግን የምሬን ነበር። ክሩን ያስጀመሩኝ ጋሼ ሽፈራው ናቸው፤ ከክሩ ጋር ሙያውንም። ጡረተኛ ሲጽፍ ስለ ድካሙ ነው የሚጽፈው፤ እኔ ግን ብዕር ሳነሳ ልቤ የሚመታው ያን ጊዜ ጀውሃ ላይ እንደመታው ነው። ስለዚህ ሌላውን በጥቂቱ እያለፍኩ የጀውሃን ነገር ልንገራችሁ።

ዘግይቼ ነው የተማርኩት። እኩዮቼ አግብተው ልጅ አዝለው ገበያ ሲወጡ እኔ ሸዋ ሮቢት በማታ ትምህርት አምስተኛ ክፍል ነበርኩ። መምህሩ በዕድሜ ያንሰኝ ስለነበር ጥያቄ የሚጠይቀኝ «እትዬ» እያለ ነበር፤ ስሳሳት የሚቆጣበት ቃል ይጠፋዋል። ከዚያ በገበሬዎች ዩኒየን ውስጥ በታይፒስትነት ተቀጠርኩ። ደመወዙ የሚወራለት አልነበረም። ኮምፒውተር የመጣ ጊዜ ሰው ሁሉ ማሽኑን ከብቦ ሲያደንቅ እኔ ካርቶኑ ውስጥ የቀረውን የአጠቃቀም መመሪያ አንስቼ ወሰድኩ። እንግሊዝኛውን ቃል በቃል በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ ከሽፋን እስከ ሽፋን ጨረስኩት። «አስናቀች የክብሪት ቀፎ ላይ የተጻፈውንም ታነባለች» ይሉኝ ነበር። እውነታቸውን ነው፣ አነባለሁ። ከዚያ ወዲያ ማሽን እምቢ ባለ ቁጥር «አስናቀችን ጥሯት» ሆነ። መሥሪያ ቤቱ ኮሌጅ ላከኝ፤ ስመለስ የሥራ መደቤ ተለወጠ፤ ወንበሬ ግን ያው ወንበር ነበር።

ዩኒየናችን ከሦስት ቦታ የተሰባሰበ ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት ደብረ ብርሃን፣ ብርዱ ላይ ነው። እኛ ሸዋ ሮቢት ነን። ሦስተኛው ቅርንጫፍ ከእኛ አለፍ ብሎ በደሴ መንገድ ላይ ጀውሃ ነው፤ የጭነት መኪና የሚያድርበት፣ ሽንኩርት የሚሰበሰብበት። ሦስቱም ቀድሞ ራሳቸውን የቻሉ ማኅበራት ስለነበሩ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሰርቨርና የየራሳቸው ዶሜይን ነበራቸው። ዶሜይን ማለት አንድ ግቢ ነው በሉት። ሰርቨሩ የግቢው ዘበኛ ነው፤ «ይሄ የቤታችን ሰው ነው፣ ይግባ፤ ያኛውን አላውቀውም፣ ይቁም» ይላል። እኛ ዘንድ ሦስት ግቢ፣ ሦስት ዘበኛ፤ አንዱ ዘበኛ የሌላውን ሰው አያውቅም።

ይህ ለምን ያስቸግራል ቢባል፣ በሽንኩርት ምክንያት። ሽንኩርት እንደ ማሾ ጆንያ ውስጥ ተቀምጦ ገበያ አይጠብቅም። ገበሬው ጀውሃ አምጥቶ ያራግፋል፤ ነጋዴው መኪናውን አቁሞ ይጠብቃል፤ የመጫኛ ፈቃዱ ግን የሚወጣው ከደብረ ብርሃን ነው። ወረቀቱ በመኪና የጣርማ በርን ዳገት ወጥቶ፣ ተፈርሞበት፣ ጣርማ በርን እስኪወርድ የጀውሃ ሙቀት ሽንኩርቱን ውሃ ያደርገዋል። በዚህ ላይ ቢፒአር የሚሉት የአሠራር ለውጥ መጣ። የዚያን ዘመን ሠራተኛ ይህን ስም ሲሰማ ፊቱ እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ ጥናት፣ ስብሰባ፣ ግምገማ፣ ደግሞ ስብሰባ። በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ አቶ በላቸው ቁርጡን ነገሩን።

«ጀውሃ ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር በኔትወርክ ከተገናኘ ይቀጥላል። ካልተገናኘ ይዘጋል። ገበሬው ሽንኩርቱን ሸዋ ሮቢት ያምጣ።»

ያምጣ ማለት ለአፍ ቀላል ነው! የሚያመጣበት የሌለው ገበሬ መንገድ ዳር ለቆመ ደላላ ነው የሚሰጠው፤ ደላላው ደግሞ ሽንኩርቱ እንደሚበሰብስ ያውቃል፤ ዝም ብሎ ይቆማል።

የጀውሃ ቅርንጫፍ ኃላፊ ዘሃራ ናት። እኩያዬ ናት፤ እኔ ዝም ባልኩት ልክ እሷ ታወራለች። ዜናውን የሰማች ቀን ስልክ ደወለችልኝ።

«አስናቄ፣ እኔን ደብረ ብርሃን ሊያዛውሩኝ ነው አሉ። እኔ ሙቀት የለመድኩ ሰው፣ እዚያ እንደ ቅቤ ነው የምረጋው! ደግሞ እኔስ ልርጋ፤ ገበሬውን ለማን ጥዬ ልሂድ? በይ አንቺ የሆነውን ሁሉ ሁኚና ያን መስመራችሁን አምጪው።»

ይህን ሥራ እንዲመሩ የተመደቡት ጋሼ ሽፈራው ነበሩ። በወታደርነት ዘመናቸው የሬዲዮ መገናኛ ሠራተኛ የነበሩ፣ ኋላ ኮምፒውተር የተማሩ፣ ረጅም፣ ቃል ቆጥበው የሚናገሩ ሰው ናቸው። አመላቸው ብዙ ነው። ሰው «ተበላሽቶብናል» ብሎ ሲጠራቸው የተበላሸውን አይጠይቁም። «መጀመሪያ የሚሠራውን ንገሩኝ» ይላሉ። ሰውየው ግራ ይገባዋል። «ምኑ ይሠራል ጋሼ፣ ሁሉም ተበላሽቷል!» ይላቸዋል። «መብራቱ ይበራል? ስልኩ ይደውላል? እንግዲህ ከዚያ እንጀምራ።» ከሚሠራው ተነስተው ወደማይሠራው በእግር ይሄዳሉ፤ ዘለው አይገቡም።

ክሩም የእሳቸው ነው። ኬብል ከመዘርጋታቸው በፊት በሁለቱም ጫፍ ክር ይቋጥራሉ፤ ወደ ውጭ የሚወጣው ቀይ፣ ቤት ውስጥ የሚቀረው አረንጓዴ። «እዚህ ቆላ ጽሑፍን ላብ ያጠፋዋል፤ ቋጠሮን ምንም አያጠፋውም» ይላሉ።

በስልክ ሲሠሩ ደግሞ ሕግ አላቸው። ማዶ ያለው ሰው «እምቢ የሚል ነገር ጽፏል» ካላቸው ይቆጣሉ። «የገባህን አትንገረኝ። ያየኸውን ንገረኝ። እንደተጻፈ፣ ቃል በቃል።» ሌላም አላቸው፤ በሕይወታቸው ሙሉ «ተሠራ» ሲሉ አልሰማኋቸውም። «ተሠራ የሚለው ማዶ ያለው ሰው ነው» ይላሉ። ሬዲዮ ላይ እያሉ የለመዱት ነው መሰለኝ፤ መልእክትህ መድረሱን የምታውቀው አንተ አይደለህም።

ቪፒኤን ምን እንደሆነ ከመጽሐፍ አንብቤዋለሁ፤ የገባኝ ግን ጣርማ በር ላይ ነው። ከጋሼ ጋር ዕቃ ጭነን ከደብረ ብርሃን ስንወርድ መኪናችን ዋሻው ውስጥ ገባች። ጉሙ ከኋላችን ቀረ፤ ጨለማው ዋጠን።

«አስናቀች» አሉኝ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፤ «አሁን ከላያችን ምን አለ?»

«ተራራ።»

«ተራራው ላይስ?»

«በግ። ገብስ። ሰው።»

«እኛ እዚህ ውስጥ ምን ጭነን እንደምናልፍ ያያሉ?»

«ከየት ያዩታል!»

«በቃ፣ ቪፒኤን ይሄ ነው። ኢንተርኔት የሁሉም ተራራ ነው። እኛ በሆዱ ውስጥ የራሳችንን ዋሻ እንቀድዳለን፤ በዚያ በኩል ደብረ ብርሃን እንገባለን፣ በዚህ በኩል ይፋት ቆላ እንወጣለን።»

ይህን ሲሉ ዋሻው አለቀና ብርሃኑ ቦግ አለ፤ ቆላው ከታች እስከ አድማስ ተዘርግቶ ታየኝ። «ጋሼ፣ ገባኝ!» ብዬ ጮህኩ። ድምፄን ሰምቶ የማያውቀው ሾፌር መሪውን ይዞ ዞሮ አየኝ፤ ጋሼ «አንተ መንገዱን እይ!» አሉት።

ዋሻ መቅደዱ ከባድ አልነበረም፤ የከበደው ግቢዎቹን ማስማማት ነው። መጀመሪያ ያገኘነው ነገር የሦስቱም ቢሮ ማሽኖች አንድ ዓይነት የአድራሻ ቁጥር መያዛቸው ነው፤ የገጠማቸው ሁሉ ከፋብሪካ የመጣውን ቁጥር ሳይነካ ትቶት ሄዷል። መስመሩ ሲገናኝ «የቤት ቁጥር አንድ!» ተብሎ ቢጠራ ሦስቱም መንደር «አቤት» ይላል። ለየቢሮው የየራሱን ቁጥር መድቤ እያንዳንዱን ማሽን በእጄ ለወጥኩ፤ በየጀርባውም ክር ቋጠርኩ። ቀጥሎ ስም መጣ። «ጀውሃ»ን በእንግሊዝኛ ፊደል አንዱ እንዲህ፣ አንዱ እንዲያ፣ ሌላው በራሱ መንገድ ጽፎታል። ለሰው ጀውሃ ያው ጀውሃ ናት፤ ለማሽን ግን ሦስት አገር ነው። እሱንም አንድ አደረግሁት። ጀውሃ የመስመሩን ሣጥን ስከፍት እንሽላሊት ዘላ ወጥታ ልቤን አጠፋችው። ዘሃራ ደግሞ ኮስተር ብላ «ተያት፤ እሷም ቋሚ ሠራተኛ ናት» አለችኝ።

ከዚያ የመጨረሻው ቀረ፤ ዘበኞቹን ማስተዋወቅ። የጀውሃ ዘበኛ «ዘሃራ የእኔ ሰው ናት» ሲል የደብረ ብርሃኑ ዘበኛ አምኖ እንዲያስገባት ማድረግ። በሙያው ቋንቋ የነገሩ ስም ራሱ መተማመን ነው፤ ይህን ቃል መመሪያው ላይ ሳነብ ደስ ብሎኝ ከሥሩ አሰመርኩበት። ጋሼና እኔ ጀውሃ ተቀምጠን የሚነካካውን ነካን፣ ቀኑን ሰዓቱን ሳይቀር የሚስተካከለውን አስተካከልን። ዘሃራ ወንበሯን ስባ ስሟንና የይለፍ ቃሏን ጻፈች። የደብረ ብርሃን ማኅደሮች አንድ በአንድ ስክሪኗ ላይ ወጡ!

«ሱብሃነላህ! ይሄ አቶ በላቸው ጠረጴዛ ላይ ያለው ነው?»

«ራሱ ነው» አልኳት።

«በዚሁ ቀዳዳ ትንሽ ብርድ ላኩልኝ በሏቸዋ!»

ጋሼ ሳቁ። ያ ከካርቶን ሥር ያነሳሁት መመሪያ እዚህ አደረሰኝ እያልኩ ነበር በልቤ።

ለግምገማ የተቀጠረው ቀን ደረሰ። ደብረ ብርሃን አዳራሽ ውስጥ ኮሚቴው ተቀምጧል፤ አቶ በላቸው ከፊት። ጋሼና እኔ ኮምፒውተሩን ይዘናል፤ ምስሉ ግድግዳው ላይ ጎልቶ ይታያል። ጀውሃ እውነተኛ መኪና ሽንኩርት ጭኖ ቆሟል። ዘሃራ ከዚያ ጥያቄውን ትልካለች፤ ኮሚቴው እያየ ፈቃዱ ከዚህ ይሄዳል። በስልክ «ላኪ» አልኳት።

«እምቢ አለኝ» አለች።

ጋሼ ስልኩን ተቀበሉኝ። «የገባሽን አይደለም፤ ያየሽውን።»

«መግባት አልተፈቀደልዎትም ነው የሚለው። እንደዚያ ነው የተጻፈው ጋሼ፣ ወላሂ።»

አዳራሹ ውስጥ ወንበር ተንቀጫቀጨ። ጋሼ እንደ ልማዳቸው ከሚሠራው ጀመሩ። ዋሻው ክፍት ነው፤ ከዚህ ስንጣራ ጀውሃ ይመልሳል። የጀውሃ ሠራተኞች በራሳቸው ግቢ ይገባሉ ይወጣሉ። የማያስገባው የደብረ ብርሃን ዘበኛ ብቻ ነው። እኔ ሰርቨሩ የሚጽፈውን መልእክት ሳገላብጥ አንዱ ላይ ዓይኔ አረፈ፤ በሁለቱ መካከል የሰዓት ልዩነት አለ ይላል። ሁለት ዘበኞች ሰዓታቸው ከአምስት ደቂቃ በላይ ከተለያየ አይተማመኑም፤ ይህን አንብቤዋለሁ። ለጋሼ አሳየኋቸው። መስመሩ ቀጭን ስለነበር የጀውሃን ስክሪን ከሩቅ ከፍቶ ማየት አይታሰብም፤ ጋሼ በስልክ ጠየቁ።

«ዘሃራ፣ ስክሪኑ ላይ ሰዓቱ ስንት ይላል?»

«አራት ሰዓት ከሩብ።»

ጋሼ የእጅ ሰዓታቸውን አዩ። እኔ ከፊታችን ያለውን ስክሪን አየሁ። «አራት ሰዓት ከሩብ» አልኩ። እንኳን ሰዓቱ ደቂቃው ልክ ነው።

«ሰዓት አይደለም» አሉ ጋሼ። ከእኛ ዝርዝር ውስጥ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያልነካነው ነገር የለም። ራውተር ለወጥን። ዋሻውን ዘግተን እንደገና ቀደድነው። ከደብረ ብርሃን በኩል ያለውን መተማመን አፍርሰን ገነባነው። ሳምንቱ እንዲህ አለቀ። ያ መኪና ጭነቱን ይዞ ጀውሃ ፀሐይ ላይ ቆሞ ቆይቶ፣ ከጆንያው ሥር ውሃ መንጠባጠብ ሲጀምር ነጋዴው አራግፎት ሄደ። ሽታው እስከ መንገዱ ይሰማ ነበር አለችኝ ዘሃራ፤ ያን ቀን አልቀለደችም።

አቶ በላቸው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን ቃላቸውን ሰጥተዋል። «ተሞከረ፤ አልሆነም። ቅርንጫፉ ይዘጋ። አስናቀች ሄዳ ሰርቨሩን ነቅላ ታምጣ» አሉ። ከቢሯቸው ስንወጣ ጋሼን አየኋቸው፤ «የሚሠራውን ንገሪኝ» ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። ምንም አላሉም። ኮሪደሩን ጨርሰው ወጡ። በዚያ ሁሉ ዘመን ካየሁት ውድቀት ይህ ዝምታ ይከብደኛል።

ጀውሃ ስደርስ ገበሬዎች በመጋዘኑ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። የዛሬ ሽንኩርታቸው ከፊታቸው ተከምሯል፤ ከመንገዱ ማዶ አንድ ነጋዴ አይሱዙውን አቁሞ በግዴለሽነት ጫት ይቀነጥሳል። ሽርጣቸውን አጣፍተው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ሻንጣዬን አይተው ጠየቁኝ።

«ልትነቅይን ነው የመጣሽው፣ ልጄ?»

«ዕቃውን ነው አባባ።»

«ኧረ? ከዕቃው ጋር የተተከልን መስሎን ነበር እኛ።»

ሻንጣዬን ይዤ ገባሁ። ዘሃራ ቀዝቃዛ ውሃ ቀድታ ሰጠችኝ። ጠረጴዛው ሥር ተንበርክኬ ቀይ ክር ያለበትን ኬብል በጣቴ ዳሰስኩ፤ ከዚያ ተውኩት። ማሽን በወጉ ሳይዘጋ አይነቀልም። ተነስቼ ከስክሪኑ ፊት ተቀመጥኩ።

በዚህ መሐል ከማዶ መስጊድ የአዛን ድምፅ ተሰማ። ዘሃራ ሻርፏን እያስተካከለች በትከሻዬ ላይ አጎንብሳ ስክሪኑን አየች።

«ስድስት ከሃያ። አዎ፣ ዙህር ነው። ሰግጄ ልምጣ፤ እስከዚያ አትንቀይው።»

እኔም አየሁ። ከስክሪኑ ጥግ ላይ ስድስት ከሃያ ይላል። ከጎኑ ደግሞ በትንንሽ ፊደል፣ የጠዋት።

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ። የሽማግሌው ጥላ እግራቸው ሥር ገብቷል፤ እኩለ ቀን ነው። ይህ ማሽን ግን ገና ጎህ እየቀደደለት ነው!

«ዘሃራ! ቆይ! ይሄን ሰዓት ማን ነካው?»

በሩ ላይ ዞረች። «ማን ይነካዋል፤ እናንተ ናችኋ! ስንት ዓመት ልክ ሆኖ የኖረውን ሰዓት መጥታችሁ አበላሻችሁት። ዙህር ላይ ቀና ብዬ ባይ አሥራ ሁለት ተኩል ይለኛል! የምሽቱን መግሪብ ልስገድ እንዴ በቀትር? መልሼ አስተካከልኩት።»

«መቼ?»

«በሄዳችሁ ማግስት። ምን ሆነሻል፣ አስናቄ?»

እየሳቅኩ ነበር። እያለቀስኩም ይሆናል። ኮምፒውተር ሰዓት የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ነው፤ እኛ ደግሞ ከንጋት። ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ነው፤ ደቂቃው ግን አንድ ነው። ያን ቀን ደብረ ብርሃን ከፊቴ የነበረው ስክሪን አሥር ከሩብ ነበር የሚለው። እኔ አሥርን አይቼ «አራት» ስል ምላሴ ስድስት መቀነሱን አላስተዋልኩም፤ ሁላችንም ስንቀንስ ነው የምንውለው። ጋሼም የእጅ ሰዓታቸውን እንደዚያው አነበቡ። ዘሃራ ግን አራት ከሩብ የሚል ስክሪን አይታ አራት ከሩብ አለች። ከሦስታችን «ያየኸውን ንገረኝ» የሚለውን ሕግ ያከበረችው እሷ ብቻ ናት! የጀውሃ ማሽኖች ሁሉ የሰርቨራቸውን ሰዓት ስለሚከተሉ እርስ በርሳቸው ተስማምተው ይኖራሉ፤ የተጣሉት ከደብረ ብርሃን ጋር ነው።

ሰዓቱን መለስኩና ስልኩን አነሳሁ።

«ጋሼ፣ ከፊትዎ ያለው ስክሪን ስንት ሰዓት ይላል?»

ድምፃቸው የደከመ ነው። «ስድስት ሰዓት ተኩል አልፏል።»

«አይደለም ጋሼ። እሱ የገባዎት ነው። ያዩትን ይንገሩኝ። እንደተጻፈ።»

መስመሩ ውስጥ ትንፋሻቸው ይሰማኛል።

«አሥራ…» አሉ ቀስ ብለው። «አሥራ ሁለት…» ከዚያ ወንበር ሲገፋ ተሰማኝ። «አስናቀች! አራት ሰዓት ከሩብ!»

«አዎ ጋሼ! አራት ሰዓት ከሩብ!»

የሳቃቸው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ሽማግሌው በመስኮቱ አንገታቸውን አስግገው «ይቺ ልጅ ፀሐይ መታት መሰለኝ» ሲሉም ሰማሁ።

ከዚያ ወዲያ ምንም አልነካሁም። «ተሠራ» የምትለው ማዶ ያለችው ሰው ናት፤ እሷ ደግሞ ሶላት ላይ ናት። ጠበቅኋት። መጥታ ተቀመጠች፤ ስሟን ጻፈች፤ የዕለቱን ሽንኩርት የመጫኛ ጥያቄ ላከች። ሻርፏን አዙራ ሳትጨርስ ፈቃዱ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ። አጽድቀው የላኩት አቶ በላቸው ራሳቸው ናቸው፤ በወረፋ ከመጡት አንዱ መስሏቸው ሲጫኑ፣ ከዘጉት ቅርንጫፍ የመጣ መሆኑን አላስተዋሉም!

ዘሃራ ብድግ አለች። «ተሠራ! አልሐምዱሊላህ፣ ተሠራ!» እያለች ወጥታ የአይሱዙውን ነጋዴ ጠራችው። «አንተ! ጫቱን ጣልና መኪናህን አስጠጋ! ዋጋ በዩኒየኑ ነው!»

ሽማግሌው ሽርጣቸውን አራግፈው ተነሱ። «እንግዲያ ተነቀልን ወይስ ተተከልን?»

«ተተከላችሁ አባባ!» አልኳቸው።

ጋሼ ፈቃዱን በወረቀት አትመው አቶ በላቸው ቢሮ ገቡ። አቶ በላቸው የራሳቸውን ፈቃድ አገላብጠው አይተው «ነቅላችሁ አምጡ ያልኩትስ?» ቢሏቸው፣ ጋሼ «አልነቀል አለ» ብለው መለሱ ተብሎ ተወራ። እሱን አላየሁም፤ የጀውሃ ቅርንጫፍ ግን ዛሬም ክፍት ነው።

ዘሃራን ሰዓቷን ስለቀማኋት ከሸዋ ሮቢት ገበያ የግድግዳ ሰዓት ገዝቼ ወሰድኩላትና በእኛ አቆጣጠር ሞልቼ ከሰርቨሩ በላይ ሰቀልኩት። «ይሄ ያንቺ ነው፤ ያ የሱ፣ የሰርቨሩ ነው፤ አትቀላቅይ» አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዩኒየናችን ስልክ ሰዓት የተጠየቀ ሰው ሳይመልስ በፊት «በየትኛው?» ማለት ሕግ ሆነ። ጋሼ ጡረታ ሲወጡ ክራቸውን ለእኔ ተዉልኝ። ከዚያ ስንት መሥሪያ ቤት አገናኘሁ፤ መስመሩም ወፈረ፣ ያ ሰርቨርም ተተካ፤ አዲስ የሚመጡት ልጆች ጀውሃን እንደ ማሠልጠኛ ተረት ይማሩታል፤ ዘሃራንም ያኔ ያላየችውን ሁሉ ያየች አድርገው ያወሩላታል፤ እሷም አላስተባበለችም።

እና ጡረታ የወጣሁ ዕለት፣ ክሩ ከተመለሰልኝ በኋላ፣ ስልክ ጮኸ። ዘሃራ ናት። እሷ ገና ጥቂት ይቀራታል።

«አስናቄ፣ ዛሬ ነው አሉ። ስንት ሰዓት ነው የምትወጪው?»

«እንደ ወትሮው ነዋ። አሥራ አንድ ሰዓት።»

«በየትኛው?»

በንብረት ክፍሏ ልጅ ጠረጴዛ ላይ ወዳለው፣ ያስረከብኩት ላፕቶፕ ዞሬ አየሁ። ጥጉ ላይ አሥራ አንድ ሊል ጥቂት ቀርቶታል።

«አስናቄ፣ በሱ ከሆነ እኮ አሁን ነው! ለምሳ ትደርሻለሽ፤ ነይ።»

ሁለቱን ጥቅል ክር ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ባጃጅ ይዤ መናኸሪያ፣ ከመናኸሪያ በሚኒባስ ወደ ጀውሃ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ከሰዓት በፊት ወጥቼ አላውቅም ነበር። ያን ቀንም ቢሆን፣ ሰርቨሩን ብትጠይቁት፣ በሰዓቴ ነው የወጣሁት።